ታሳቢው በማን ትከሻ ላይ ነው?

ጥያቄዬን ከወዲሁ ላስቀምጥ። አንድ ንድፍ አውጪ ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሰው ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንጨዋወት «የለብኝም» የሚል ጓደኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁላችንም «አለብን» እንላለን፤ ማለቱ ገንዘብ አያስወጣም። ታዲያ ዕዳው የሚጀምረው መቼ ነው? ፋብሪካው ሪባን ተቆርጦለት ሲመረቅ? ቧንቧው ሲፈነዳ? ወይስ ወረቀቱ ገና ነጭ ሳለ፣ እርሳስ ሳይነካው? እዚህ ላይ ስንደርስ ነው ሻዩ የሚቀዘቅዘው።

ይህን የምጽፈው በተለይ የንድፍ ትምህርት ለሚጀምሩ የኬሚካል ምሕንድስና ጓደኞቼ ነው። የሌላ ክፍል ተማሪዎችም «ይኼ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ። ነገሩ ከማሽን ይጀምራል፤ የሚያልቀው ግን ሰው ላይ ነው።

እስከ ዛሬ የተማርነው ትምህርት አንድ ጠባይ አለው። ጥያቄው ከነመረጃው ይቀርባል። ሙቀቱ ተሰጥቷል፣ ግፊቱ ተሰጥቷል፣ የሚፈለገው ነገር በግልጽ ተጽፏል፤ መልሱም ከመጽሐፉ ጀርባ አለ። ንድፍ ላይ ስንደርስ ይህ ሁሉ ምቾት ይቀራል። መልሱ አንድ አይደለም። ከመረጃው ግማሹ የለም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጥያቄው ራሱ በቅጡ አልተጠየቀም። «ለገበሬው የሚጠቅም ማሽን ሥሩ» ይባላል። የትኛው ገበሬ? ወንዱ ወይስ ሴቷ? የሚጠቅመውስ ለምኑ?

መምህራኖቻችን እርምጃዎቹን በሰሌዳ ላይ ይደረድሩልናል፦ ፍላጎትን መለየት፣ ገደቦችን መዘርዘር፣ አማራጮችን ማፍለቅ፣ ከአማራጮቹ መምረጥ፣ የቁስና የኃይል ሚዛን መሥራት፣ የዕቃውን መጠን መወሰን፣ ወጪውን ማስላት፣ አደጋውን መመርመር። በሰሌዳ ላይ ሲታይ ቀጥ ያለ መሰላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ሦስት ወጥተው ሁለት የሚወርዱበት ነው። በየደረጃው የጎደለውን የምንሞላበት መሣሪያም አለን፤ «ታሳቢ» እንለዋለን። «ሙቀቱ 25 ዲግሪ ነው እንበል»፣ «ብክነቱ ቸል የሚባል ነው»፣ «ኤሌክትሪክ አይቋረጥም»። ያለ ታሳቢ ንድፍ የለም፤ ማንም ሁሉን አውቆ አይነሣምና። ይሁንና ታሳቢ የነፃ ዕቃ አይደለም። ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ልዩነቱን የሚከፍል ሰው አለ። የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ታሳቢውን የጻፈው ሰው አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው።

ከራሴ ልጀምር። የቤት ሥራ ተሰጠን፤ «የእንሰት ማቀነባበሪያ ንደፉ» የሚል። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፤ ቆጮ በልቼ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም! አንድ ሳምንት ሙሉ መብራት እስኪጠፋ እያመሸሁ ሠራሁ። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከር፣ ዙሪያውን ስለት ያለው ከበሮ፤ በአንድ በኩል የእንሰቱ ግንድ ይገባል፣ በሌላ በኩል የተፈጨው ይወጣል። ከዚያ መጭመቂያ። የቁስ ሚዛኑንም አሳመርኩት። ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ 100 ኪሎ የተፈጨ እንሰት፣ ከዚህ 85 በመቶው ውኃ ነው እንበል፤ ተጨምቆ ውኃው 60 በመቶ እስኪሆን ይውረድ። ደረቁ 15 ኪሎ ነው። 15 ኪሎው የመጨረሻው ክብደት 40 በመቶ ከሆነ ጠቅላላው 37.5 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ የሚወጣው ፈሳሽ 62.5 ኪሎ። ፍላጻ ሠርቼ «ወደ ፍሳሽ» ብዬ ጻፍኩበት። ከከበሮው ለሚወጣው የተበጣጠሰ ክር ደግሞ ሌላ ፍላጻ፤ «ተረፈ ምርት፣ ይወገዳል»።

ቅዳሜ ዕለት ከሶዶ ወጣ ብላ ወደምትኖረው አክስቴ ሄድኩ። ሥዕሉን ይዤ የሄድኩት ላስመሰግነው እንጂ ልጠይቅበት አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። አክስቴ ጓሮ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሳንቃው ዘንበል ብሎ ቆሟል፤ የእንሰቱን ሽፋን በአንድ እግሯ ሳንቃው ላይ ረግጣ ይዛ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ሥዕሉን ዘርግቼ አስረዳኋት። በወላይትኛ ያለችኝን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦

«ጥሩ ነው። ቃጫውስ የት ገባ?»

ዝም አልኩ። በቀርከሃ ሲፋቅ ክሩ ሳይበጠስ ረጅም ሆኖ ይቀራል፤ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ገበያ ይወጣል፣ ገመድና ጆንያ ይሆናል። የእኔ ከበሮ ግን በጥፍር የሚለካ አድርጎ ይከትፈዋል።

«የጨው መግዣዬ እኮ እሱ ነው» አለችኝ። ቀጥላም ሌላኛውን ፍላጻ በጣቷ ተከተለችው። «ይኼ የሚፈሰው ምንድነው?»

«ውኃ ነው።»

«ቡላውን ነዋ የምትደፋው!»

እውነቷን ነበር። ከተፋቀው እንሰት የሚጨመቀው ፈሳሽ ዕቃ ውስጥ ሲያድር ነጩ ነገር ይዘቅጣል፤ እሱ ነው ቡላ። ከእንሰት የሚወጣ ምርጡ ምግብ፣ ለወለደች ሴት ገንፎ የሚሆነው። ወደ ወረቀቴ ተመለስኩና ሚዛኑን ተመለከትኩ። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ 62.5 ያው 62.5 ነው። የተሳሳተው ከስሌቱ በላይ ያለችው፣ ልብ ሳልል ያለፍኳት አንዲት መስመር ናት፦ «ደረቁ ነገር በሙሉ ከቆጮው ጋር ይቀራል።» ይህን ባልኩበት ቅጽበት ቡላ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ። ቀመሩ አልተቃወመኝም። ካልኩሌተሩም አልተቃወመኝም። የተቃወመችኝ አክስቴ ብቻ ናት፤ እሷንም ያገኘኋት በአጋጣሚ ነው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ አክስቴን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ብትጠይቁኝ እምላለሁ። ግን አለመጠየቅ ራሱ ከንቀት በምን ይለያል? የሚናቀው ሰው በሁለቱም መንገድ ቡላውንና ቃጫውን ያጣል።

እዚህ ላይ «እንግዲህ ባሕላዊው አሠራር ይሻላል ልትል ነው» የሚለኝ አይጠፋም። በፍጹም! አክስቴ ያለችኝን ሙሉውን ልንገራችሁ። ማሽን አልፈልግም አላለችም። «ወገቤን ተመልከተው» አለችኝ። መፋቁ ወገብ ይቆርጣል፤ የታመሰውን ቆጮ ከጉድጓድ አውጥቶ መጭመቁ ደግሞ ክንድ ያንቀጠቅጣል። እኛ ከተማ ተቀምጠን «ባሕላችን» እያልን የምናሞግሰው ነገር የሚሠራው በአንዲት ሴት ጀርባ ነው። ምንም ሳይነድፉ መቅረትም ውሳኔ ነው፤ የእሱም ዋጋ ይከፈላል፤ ከፋዩዋም ያችው ሴት ናት።

ወደ ሁለተኛው ምሳሌ ልለፍ፤ ይህን ደግሞ እዚሁ ዳሞታ ግርጌ ተቀምጠን ልንፈትሸው እንችላለን። መማሪያ መጻሕፍቶቻችን የከባቢ አየር ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ። ሶዶ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ግፊቱ ወደ 80 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ ውኃም በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። «ታዲያ ምን ይሁን?» ትሉ ይሆናል። ፓምፕ እንትከል። ፓምፑ ከውኃው ወለል 7 ሜትር በላይ ተቀምጧል፤ በመምጠጫው ቧንቧ ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው 1 ሜትር፣ የውኃው የራሱ ትነት 0.2 ሜትር ነው እንበል። በመጽሐፉ ግፊት ውኃን የሚገፋው አየር 10.3 ሜትር ያህል ነው፤ ተቀናንሶ 2.1 ሜትር ይተርፈናል። ፓምፑ 2 ሜትር ከፈለገ በጭንቅ ይሠራል። በሶዶ አየር ግን መነሻችን 8.1 ሜትር ገደማ ነው። ተቀናንሶ የሚቀረው ከዜሮ በታች 0.1። ፓምፑ ይጮኻል እንጂ ውኃ አያወጣም።

ይህን ታሳቢ ማን ጻፈው? ምናልባትም ማንም አልጻፈው፤ ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ ተገልብጦ መጣ። ማን ይከፍለዋል? ጀሪካን ይዛ ቁልቁል የምትወርደው ልጅ። እሷ ስለ 101.3 ሰምታ አታውቅም። የአንድ ቁጥር ስንፍና የእሷን ጠዋት ይበላል፤ ምናልባትም የትምህርቷን ክፍለ ጊዜ። ያለንበትን ቦታ አለማወቅ የጂኦግራፊ ጉድለት ብቻ አይደለም ማለቴ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌዬ ከምግብ ነው። በወላይታ ካሳቫ ይበቅላል፤ እየተከተፈ ይደርቃል፣ ተፈጭቶም ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተደባልቆ እንጀራና ዳቦ ይሆናል። ካሳቫ ድርቅን ይችላል፤ ለችግር ቀን የሚደርስ ሥር ነው። ነገር ግን በውስጡ ሊናማሪን የሚባል ነገር አለ። ሊናማሪንና ሊናማሬዝ የተባለው ኢንዛይም በሥሩ ውስጥ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ሥሩ ሲፈጭ ወይም ሲቀጠቀጥ ይገናኛሉ፤ ከግንኙነቱም መጨረሻ ላይ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይወጣል። ይህ ብርቱ መርዝ ነው፤ ደግነቱ በ26 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ አየር ካገኘ በኖ ይሄዳል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለካሳቫ ዱቄት የሚፈቅደው ጣሪያ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው።

አሁን «ፈጣን የካሳቫ ማድረቂያ ንደፉ» ብንባል ምን እናደርጋለን? ሙቀት እንጨምራለን፣ ንፋስ እንጨምራለን፣ «በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ» ብለን እንኮራለን። ይሁንና በትልልቁ የተከተፈ ካሳቫ በኃይለኛ ሙቀት ቶሎ ሲደርቅ ሊናማሪኑና ኢንዛይሙ ለመገናኘት ጊዜ አያገኙም። ኢንዛይሙም በሙቀቱ ይሞታል። መርዙ ተቆልፎ ይቀራል፤ ሊናማሪን ራሱ እንደ ጋዝ በኖ አይሄድምና። ቀደም ብሎ መቀጥቀጥ፣ ማርጠብና ማቆየት ግን አብዛኛውን ያስወጣዋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተሻለው ማድረቂያ በገበታ ላይ የባሰው ሊሆን ይችላል። ማድረቂያው «ውጤታማ» ነው ስንል በማን ሚዛን ነው? በሰዓት ኪሎ የሚቆጥረው ነጋዴ አንድ ሚዛን አለው፤ ሌላ እህል አጥታ በየቀኑ እሱኑ የምታበላ እናት ሌላ ሚዛን አላት። የመመዘኛ ዝርዝራችንን ስንጽፍ ከሁለቱ አንዱን እየመረጥን ነው፤ ባናውቀውም።

የሠለጠነ የሚባለው ዓለምም ከዚህ አላመለጠም። እንግሊዝ አገር ፍሊክስቦሮ በሚባል ስፍራ ለናይለን መሥሪያ የሚሆን ካፕሮላክታም የሚያመርት ፋብሪካ ነበረ። ስድስት የምላሽ ጋኖች በተርታ ቆመው ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1974 አምስተኛው ተሰንጥቆ ተገኘ። አወጡትና አራተኛውን ከስድስተኛው ጋር በጊዜያዊ ቧንቧ አገናኙት። ሁለቱ ጋኖች እኩል ከፍታ ላይ ስላልነበሩ ቧንቧው መታጠፍ ነበረበት። ንድፉ የት ተሠራ ብትሉ፣ በወርክሾፑ ወለል ላይ፣ በጠመኔ! ግፊቱ በታጠፈው ቧንቧና በሁለቱ ጫፎች ባሉት ተጣጣፊ ማያያዣዎች ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚያሳርፍ ያሰላ አልነበረም። ይህን መጠየቅ የሚገባው የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ሥራ ለቅቆ ቦታው ባዶ ነበር። ውስጡ ያለው ሳይክሎሄክሴን በግልጽ አየር በ81 ዲግሪ የሚፈላ ሲሆን፣ እዚያ በግፊት ታፍኖ በ155 ዲግሪ ገደማ ይፈስ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ቧንቧው ተገነጠለ፤ ፈሳሹ ወደ ደመና ተለወጠ፤ ደመናውም ተቀጣጠለ። 28 ሰዎች ሞቱ። ዕለቱ ቅዳሜ ሆኖ ቢሮዎቹ ባዶ ባይሆኑ ኖሮ ቁጥሩ እጅግ በበዛ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው። በጠመኔ የሳሉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ሥራ ቆሞ ነበር፤ ቶሎ ማስጀመር ፈለጉ። «ቧንቧ ያው ቧንቧ ነው» የሚል ታሳቢ ያዙ። ታሳቢው አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈም ማንም ሊጠይቅበት አልቻለም። ከዚህ የምወስደው ትምህርት የተጻፈ ስህተት ከተደበቀ ስህተት ይሻላል የሚል ነው። የተጻፈውን ሌላ ሰው ያየዋል፣ ይሞግተዋል፣ ያርመዋል። የተደበቀው ግን ፈንድቶ ነው የሚነበበው።

የክፍል ጓደኛዬ ይህን ረቂቅ አንብቦ ሁለት መቃወሚያ አቀረበልኝ፤ ሁለቱም ጠንካራ ስለሆኑ ልደብቃቸው አልፈልግም። አንደኛው፦ «መሐንዲስ የተቀጠረው ለማስላት ነው። ለማን፣ ስለምን የሚለውን የሚወስነው ገንዘብ ያወጣው አካል ነው። እኔ ልክ ካሰላሁ ሕሊናዬ ንጹሕ ነው።» ሁለተኛው፦ «ሰውን ብትጠይቀውስ የማያየውን ነገር እንዴት ይነግርሃል? አክስትህ የሃይድሮሊክ መጭመቂያ አይታ አታውቅም። ሁሉን ስንጠይቅ ውለን መቼ ልንሠራ ነው?»

ለመጀመሪያው የምመልሰው ይህ ነው። ስሌትና ውሳኔ እንደሚለው ተለያይተው ቢቀመጡ ኖሮ እስማማ ነበር። ግን «ደረቁ በሙሉ ይቀራል» ብሎ የወሰነው ማነው? ገንዘብ ያወጣው አካል አይደለም፤ እሱ ስለ ቡላ አላሰበም። እኔ ነኝ የወሰንኩት፤ ያውም ስሌት የሠራሁ እየመሰለኝ። ውሳኔው በእኛ እርሳስ ውስጥ ካለ ኃላፊነቱም እዚያው አለ። ሁለተኛው መቃወሚያ ግን ግማሽ እውነት አለው። መጠየቅ መታዘዝ ማለት አይደለም። ምን ሊሠራ እንደሚችል የምናውቀው እኛ ነን፤ ለዚያ ነው የተማርነው። ምን ሊጠፋ እንደሚችል የምታውቀው ግን እሷ ናት። ሁለቱ ዕውቀቶች ካልተገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላዋል፤ የሚበላውም ሁልጊዜ ዲግሪ የያዘው ነው። ሁሉን መጠየቅ አንችልም፤ እሺ። ታሳቢያችን ሐሰት ሲሆን በመጀመሪያ የሚወድቅበትን አንድ ሰው ፈልጎ መጠየቅ ግን ይቻላል። አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

ስለዚህ ለአዳዲሶቹ ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በንድፍ ወረቀታችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከቀመር ሁሉ በፊት፣ አራት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ታሳቢውን ጻፉ፤ በሁለተኛው ከየት እንዳገኛችሁት፤ በሦስተኛው ሐሰት ቢሆን ማን እንደሚከፍል፤ በአራተኛው ያንን ሰው ጠይቃችሁት እንደሆነ። አራተኛው ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ባዶ መሆኑ ያሳፍራል፤ ማፈሩም ጥሩ ነው። ቢያንስ ባዶነቱ በዓይን ይታያል።

እኔም ሥዕሌን እንደገና ሠራሁት። የሚከትፈው ከበሮ ቀርቶ ክሩን ሳይበጥስ የሚፍቅ፣ ደነዝ ጠርዝ ያለው ሆነ። «ወደ ፍሳሽ» የሚለው ፍላጻ ወደ ማዝቀጫ በርሜል ዞረ። ሞተሩንም ተውኩት፤ በእግር የሚረገጥ አደረግሁት፤ አክስቴ ቤት መብራት የለምና። ማሽኑ ለአንድ ቤት ስለሚወደድ አሥር ቤት ተጋርቶ፣ ከግቢ ወደ ግቢ እየዞረ እንዲሠራ አሰብኩ። በዚህ በዚህ እንኳ ኮራሁ። ተመልሼ አሳየኋት።

ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። በመጨረሻ «ከዚያኛው ግቢ ወደዚህኛው ሲመጣ ማን ያጥበዋል?» አለችኝ።

«ለምን?»

«አጠውልግ የያዘውን እንሰት የነካ ቢላ ጤነኛውን ሲነካ ያደርቀዋል እኮ።»

የእንሰት አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ መሆኑ በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ በተበከለ መሣሪያ እንደሚተላለፍም የታወቀ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አረጋገጥኩት። ያለ እሷ ጥያቄ ግን ምን ብዬ እንደምፈልገው አላውቅም ነበር። አሥር ቤት ለማገልገል የነደፍኩት ማሽን የአሥር ቤት ጓሮ ሊያደርቅ ይችል ነበር።

ወረቀቴ ላይ አዲስ መስመር ጨመርኩ፦ «ማሽኑ በየግቢው መካከል ይጸዳል።» ከየት አገኘሁት? ከራሴ። ሐሰት ቢሆን ማን ይከፍላል? አሥሩም ቤት። የጠየቅሁት? አንድ ቤት ብቻ፤ ዘጠኝ ይቀሩኛል። የሚመጣው ቅዳሜ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ጓደኛ ካለ ይምጣ።